የተመረቀን ሰው ከኮሌጁ የሚያርቁ ስህተቶች

የባሕር ዳር ባጃጅ ነጂ የዩኒቨርሲቲውን ዋና ግቢ ዛሬም «ፔዳ» ብሎ ነው የሚጠራው። ስሙ በ1960ዎቹ አጋማሽ ከተከፈተው የፔዳጎጂ አካዳሚ የቀረ ነው። አካዳሚው የመምህራን ኮሌጅ ሆነ፤ ከፖሊ ቴክኒኩ ጋር ተዋሕዶ ሚያዝያ 28 ቀን 1992 ዓ.ም ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ ሕዝቡ ግን ፔዳን አልለቀቀም። የተመረቀ ሰው ትዝታም እንዲሁ ነው። ኮሌጅ ይባል ፋኩልቲ፣ የትምህርት ክፍሉ ስም ይቀየር አይቀየር፣ እሱ የሚያስታውሰው የገባበትን ስም፣ የዶርም ጓደኞቹንና አንድ ሁለት መምህራንን ነው። የሰብኣዊና ማኅበራዊ ሳይንስ ምሩቃንን ለማሰባሰብ በትምህርት ክፍላችን የምሩቃን ኮሚቴ ውስጥ ጥቂት ዓመታት ደክሜያለሁ። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን የሠራኋቸው እኔው ነኝ።

ሰላምታን በባንክ ሒሳብ ቁጥር መጀመር

ኮሚቴያችን የላከው የመጀመሪያ መልእክት የባንክ ሒሳብ ቁጥር ነበረው። መዋጮው ለመጻሕፍት መግዣ ስለሆነ ዓላማው መልካም ነው። ለሳምንት ማንም ትንፍሽ አላለም። በመጨረሻ አንዲት ጓደኛችን «እንደምን ከረማችሁ ማለት ቀረ እንዴ?» ብላ ጻፈች፤ እሷም ከዚያ ወዲያ ዝም አለች።

ነገሩን ከምሩቁ ወገን ሆነው ይዩት። የወጪ መጋራት ሥርዓት ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ ስላለ፣ መደበኛው ተማሪ ከግቢ የሚወጣው የዕዳ ውል ፈርሞ ነው። ወይ ከደመወዙ እየተቆረጠ ወይ በአገልግሎት ይከፍላል፤ ኋላም ማስረጃውን ይዞ የሚመለሰው ዋናውን ዲግሪ ለመውሰድ ነው። ከተቋሙ ጋር ያለው ዝምድና የአበዳሪና የተበዳሪ ሆኖ ቆይቷል ማለት ነው። በዚህ ላይ የመጀመሪያው ደብዳቤ «አዋጡ» ካለ፣ ሁለተኛ ዕዳ መጣ ብሎ ቢሸሽ አይፈረድበትም።

የፖሊን፣ ማለትም የምህንድስናውን ግቢ፣ መንገድ መቅዳትም ከዚሁ ጥፋት ይመደባል። ምህንድስና የተማረ ሰው ድርጅት ሊኖረው፣ ለቤተ ሙከራ ማሽን ሊሰጥ ይችላል። ከአማርኛ፣ ከታሪክ ወይም ከጂኦግራፊ የተመረቀው ግን ብዙውን ጊዜ መምህር፣ ጋዜጠኛ ወይም የወረዳ ባህልና ቱሪዝም ባለሙያ ነው። ኪሱን ከሚዳብሱት የሚያውቀውን ቢጠይቁት ሀብታም ነው። ጣና ዳር ባለ ወረዳ የሚሠራ የታሪክ ምሩቅ የትኛው ገዳም የብራና መጻሕፍቱን ለማን እንደሚያሳይ፣ ገበዙ በየትኛው ሰዓት እንደሚገኝ ያውቃል። ፎገራ የምታስተምር የጂኦግራፊ ምሩቅ የሩዝ ገበሬዎቹን በስም ታውቃለች፤ ጎርፉ የትኛው ቀበሌ ላይ እንደሚበረታም ታውቃለች። ለመመረቂያ ጽሑፉ መረጃ ሊሰበስብ የወጣ ተማሪ በእጁ ያለው የትምህርት ክፍሉ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ ደብዳቤው ደግሞ ማኅተም እንጂ ትውውቅ የለውም። በር የሚከፍትለት ያ ምሩቅ ነው።

በዓመቱ እኛም «ሁለት ተማሪ ለሁለት ሳምንት ተቀብሎ ከሰው የሚያስተዋውቅልን ማን ነው?» ብለን ጠየቅን። በዚያው ምሽት ከዳንግላም ከአዴትም መልስ መጣ። የመጻሕፍቱ ገንዘብም ቢሆን ኋላ የመጣው ከእነዚሁ ሰዎች ነው።

ስምንት ዓመት መመረቅ

የስም ዝርዝር ቀላል ሥራ ይመስላል። ስም በላቲን ፊደል ሲመዘገብ ጸጋዬ የሚባል ሰው አንዱ ጋ በ«ቲ»፣ ሌላው ጋ በ«ኤስ» ይጀምራል። በራሳችን ፊደል ሲጻፍም ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ አለ፤ ኮምፒውተር ሦስት ሰው አድርጎ ይቆጥራቸዋል። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ስለሌለን፣ የአያት ስም ካልተጨመረ መለየት አይቻልም። ደግነቱ የእኛ ሴቶች ሲያገቡ የአባታቸውን ስም አይቀይሩም።

የዓመተ ምሕረቱ ነገር ይብሳል። ውጭ አገር ለመማር አመልክቶ የሚያውቅ ሰው ዓመቱን በፈረንጆች አቆጣጠር መጻፍ ይለምዳል። አንድ የ1998 ምሩቅ በቅጻችን ላይ 2006 ብሎ ሞልቶ ኖሮ «ታናሽ ወንድማችን» ብዬ ጥሪ ላክሁለት። ለካ ፀጉሩ ገብስማ የሆነ ርእሰ መምህር ነው። «እግዜር ይስጥህ፣ ስምንት ዓመት መረቅህልኝ» ብሎ መለሰልኝ። ከዚያ ወዲህ ቅጻችን ስምን እስከ አያት በግእዝ ፊደል፣ የትምህርት ክፍሉን ተማሪው በገባበት ጊዜ በነበረው ስም፣ ዓመቱን ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ ይጠይቃል።

የክረምቱን ተማሪ መርሳት

የምሩቃን ዝርዝር አውጡ ሲባል እጃችን የሚሄደው ፎቶው ከነስንብት ቃሉ ወደሚገኝበት የምረቃ መጽሔት ነው። እዚያ ውስጥ ያለው በአብዛኛው መደበኛው ተማሪ ነው። በየክረምቱ ልጆቹን ለዘመድ ትቶ፣ ጭቃ እየረገጠ መጥቶ ዲፕሎማውን ወደ ዲግሪ ያሳደገው መምህር የለበትም። የማታውም ተማሪ እንደዚያው። ለእኔ ቢተውልኝ ከክረምቱ ተማሪ እጀምራለሁ፤ ሥራውን ይዞ ስለተማረ ወዴትም አልሄደም፣ ስልኩም ያው ነው። በአካዳሚው ዘመን የተመረቁት ደግሞ አብዛኞቹ ጡረታ ወጥተዋል። እነሱን በልጆቻቸው ስልክ ይፈልጓቸው።

ሁሉን ነገር ለቴሌግራም መስጠት

ቡድን መክፈት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት ሲቆጠሩ ግን «አባላት» ያልናቸው ሰዎች ሁሉ ከእጃችን ወጡ፤ ቁጥራቸውን በወረቀት የያዘ አልነበረም። አሁን በየአካባቢው አንድ ደዋይ አለን። የሃያ ሰው ቁጥር በደብተር ይይዛል፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ይደውላል። ያን ደብተር ፎቶ አንስቶ ቡድኑ ላይ መለጠፍ ሌላ ስህተት ነው፤ ድሮም ነውር ነበር፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ሕግም አለበት።

ድግሱን ጣና ዳር ብቻ ማሰብ

ሐይቁ ዳር መሰብሰብ ደስ ይላል። ቀን ከመቁረጥዎ በፊት ግን የዘመን መቁጠሪያውን ይመልከቱ። መምህር የሚያርፈው በክረምት ነው፤ ነሐሴ ደግሞ በፍልሰታ ጾም ይገባል (ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር እዚህ አላነሳውም)። በጥምቀት ሰሞን ሰው ወደ ወላጆቹ ይሄዳል። መንገዱ በማያስተማምንበት ጊዜ ባሕር ዳር ድረስ ኑ ማለትም ይከብዳል። ደብረ ታቦር አሥር፣ አዲስ አበባ ሃያ ሰው ቡና ላይ ቢገናኝ ይበቃል። ንግግር ከሁለት አይብለጥ። የክብር እንግዳ ስንጠብቅ ዓሣው የቀዘቀዘበትን ቀን አልረሳውም።

የተደረገውን ሳይነግሩ መቅረት

ከሁሉ የከፋው ይህኛው ይመስለኛል። ተማሪው መረጃውን ይሰበስባል፣ ይጽፋል፣ ይከላከላል፤ ጥራዙ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። በር የከፈተለት ሰው ግን አንድ ገጽ አያይም። የጽሑፉን ቅጂ በስልክ መላክ፣ በምስጋናው ገጽ ላይ ስሙን ማስፈር፣ አንዴ መደወል፣ ይኸው ነው የሚፈለገው። እኛ ይህንንም አላደረግንም ነበር።

ባለፈው ዓመት ከአንዲት የወረዳ ባህል ባለሙያ ጋር ደብረ ታቦር መናኸሪያ ተገናኘን። ሁለት ተማሪዎቻችንን ቤቷ አሳድራ፣ ከአዝማሪዎችና ከአልቃሾች ጋር አገናኝታልን ነበር። ሻይ ይዘን ትንሽ ካወጋን በኋላ «እነዚያ ልጆች ግን ተመረቁ?» አለችኝ።

ከተመረቁ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸው ነበር።