ከፖሊስነት በግፍ ተሰናብተው ስምዎን ለማስመለስ ሲነሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ ላይ ከስንብት ደብዳቤው ይልቅ ወሬው ቀድሞ ሰፈር ይገባል። «ጉቦ በልቶ ነው አሉ» የሚለውን ሳቢያን ሰፈር ባይሰሙት ቀፊራ ገበያ ይሰሙታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 24 የማንም ሰው ክብርና መልካም ስም እንዲከበር ደንግጓል። ይሁንና እውነት ይዘው በአካሄድ የሚሸነፉ የቀድሞ ፖሊሶች አሉ። የሚገርመው፣ የሌላውን ሰው መዝገብ ሲያደራጁ የኖሩ ሰዎች የራሳቸው ጉዳይ ሲሆን ይበተንባቸዋል።

ሁሉን ነገር በአንድ ማመልከቻ መጠቅለል። ማመልከቻ የሚጽፍልዎ ራፖር ጸሐፊው ጋ ቁጭ ይሉና ሥራው፣ ያልተከፈለው ደመወዝ፣ የሐሰት ምስክሩ፣ የጠፋው ስም ሁሉ አንድ ላይ ይዘረገፋል። የየራሳቸው በር አላቸው። ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ በተቋሙ የቅሬታና የይግባኝ መስመር ይጀምራል። ስም ማጥፋት የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። ድሬዳዋ ደግሞ የፌዴራልም የከተማ አስተዳደሩም ፍርድ ቤት አለ፤ ሐረር ከሆኑ የክልሉ ፍርድ ቤት አለ። የትኛው እንደሚያይልዎ ሳያጣሩ መዝገብ ከከፈቱ «ሥልጣን የለኝም» ይባላሉ፤ እስከዚያ ጊዜዎ ያልቃል።

«መዝገቡ ተዘግቷል» ሲባል አሸነፍኩ ማለት። እኔ ትልቁ ስህተት የምለው ይሄን ነው። ዐቃቤ ሕግ ማስረጃው ለክስ አይበቃም ብሎ መዝገብ መዝጋት ይችላል፤ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 42 ይፈቅድለታል። ፍርድ ቤት ነጻ ብሎዎታል ማለት ግን አይደለም። ክስ ተመሥርቶ፣ የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ተሰምተው፣ ዳኞቹ «መከላከል አያስፈልገውም» ብለው በዚሁ ሕግ አንቀጽ 141 በነጻ ካሰናበቱዎት ወረቀቱም ክብደቱም ሌላ ነው።

እሱንም ቢይዙ በማግስቱ ዩኒፎርም የሚለብሱ አይምሰልዎ። ዲሲፕሊንና ወንጀል ለየብቻ ይታያሉ። የካሣ ጉዳይ የሚያይ ዳኛ እንኳ በወንጀሉ ነጻ መባል እንደማይገደድ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2149 ይናገራል። ስለዚህ ፍርዱን ዘርግቶ «ይኸው» ማለት አይበቃም። ሙሉ ግልባጩን በማህተም ያውጡ። ዳኞቹ የትኛውን ምስክር ለምን እንዳላመኑ የጻፉበትን ገጽ ነጥለው ያሳዩ። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ያሰናበተዎት ያንኑ ሰው አምኖ ከሆነ ክርክርዎ እዚያች ገጽ ላይ ነው።

ነገሩ እስኪበርድ መጠበቅ። ስም ማጥፋት በግል አቤቱታ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ አቤቱታው ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቁ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት የካሣ ክስ በመርህ ደረጃ 2 ዓመት ነው። የስንብቱ ይግባኝ ከዚህም ሊያጥር ይችላል። ደብዳቤውን ሲረከቡ ቀኑን ጽፈው ይፈርሙ።

የድሮ ባልደረባን «ማህደሬን በስልክ አንሳልኝ» ማለት። ልጁን ከእንጀራው ያፈናቅሉታል፤ ማስረጃዎም ጥያቄ ይነሳበታል። ሰነዱ የት እንዳለ ጠቅሰው ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብልዎ ይጠይቁ። የአለቃን ስም ፌስቡክ ላይ ማውጣትም ያው ነው። በ2008 የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ስም ማጥፋትን ይጨምራል፤ ከሳሽ ልሁን ብለው ተነስተው ተከሳሽ ይሆናሉ።

አሻራ ሰጥተው የሚያገኙት ከወንጀል ነጻ ማስረጃ የዲሲፕሊን ታሪክ አይሰርዝም። ለቀጣሪ ይጠቅማል፣ ለይግባኙ እምብዛም።

አስተዳደራዊ በደል የሚመረምረው የእንባ ጠባቂ ተቋም በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ አይመረምርም። ሁለቱን ባንዴ ከማንኳኳት ቅደም ተከተሉን አስቀድመው ያስቡ።

የቃል እርቅ ይዞ መቅረት። በርጫ ላይ «አቦ በቃ፣ ተሳስቼ ነው» ያለ ሰው ከሽማግሌዎቹ ፊርማ ጋር በወረቀት ያስፍርልዎ። ነገ ቢጠየቅ «መቼ አልኩ?» ሊል ይችላል።

ደግሞ ቢሳካልዎ፣ የመመለሻውን ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ አይቆልፉት። የስንብት ደብዳቤዎን ግርጌ ይዩ፤ «ግልባጭ» ከሚለው ሥር የደረሳቸው ክፍሎች ተዘርዝረዋል። አዲሱም ደብዳቤ ለእነዚያው ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ግልባጭ እንዲደረግ በጽሑፍ ይጠይቁ።