ሽምብራን ከነቀዝ የሚያድነው ጤፍ

የደምቢያ ሽምብራ ከአውድማ እንደወጣ ርካሽ ስለሚሆን፣ ጎንደር ላለ ሰው የዓመቱን የሽሮ እህል ያኔ መሸመት ያዋጣል። ችግሩ ነቀዝ ነው። እንስቷ እንቁላሏን ፍሬው ላይ ትለጥፋለች (ነጭ ነጥብ ሆኖ ይታያል)፤ ትሉ ሰርስሮ ይገባና አድጎ ክብ ቀዳዳ ትቶ ይወጣል።

መከላከያው ጓዳችሁ ውስጥ ያለው ጤፍ ነው። ሽምብራውን ለቅማችሁ 2 ወይም 3 ቀን ፀሐይ ላይ በስሱ አስጡት። ሲነከስ ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ አልደረቀም፤ እርጥቡ ከገባ ይሻግታል፣ ጤፉንም ይዞት ይሄዳል። ከበረደ በኋላ ለ2 ጣሳ ሽምብራ 1 ጣሳ ገደማ ደረቅ ጤፍ ሰፌድ ላይ ቀላቅሉ። ጤፉ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚሞላው ነቀዙ መንቀሳቀሻ ያጣል፤ ጤፉ ራሱ ደግሞ ትል ለማሳደግ በጣም ትንሽ ነው። ክዳኑ ጥብቅ አድርጎ የሚገጥም ጄሪካን ውስጥ እስከ አፉ ሙሉት። በየሳምንቱ ከፍቶ ማየት አየር ማስገባት ስለሆነ ይቅር።

ሽሮ ሲፈለግ በወንፊት ለዩት፤ ጤፉ ለእንጀራ ይሆናል።

የነቀዝ ኪኒን ግን የምትተኙበት ቤት አታስገቡ፤ ጋዙ ሰው ይገድላል።