የሳይክሌ የፊት ጎማ ኳ ኳ ሲል

ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ለሳይክል ትመቻለች። አቧራዋና የክረምቱ ጭቃ ግን ለጎማ አይመቹም። የእኔ የፊት ጎማ ስነዳው ይንኮሻኮሻል። ቸርኬውን ይዤ ወደ ጎን ስገፋው ደግሞ ኳ ኳ ይላል። ራጂ (ቸርኬውን ከመሃሉ ጋር የሚያያይዘው ቀጭን ሽቦ) የላላ ይመስላል፤ ራጂዎቹ ግን ጥብቅ ናቸው። እንዲህ ሲሆን ችግሩ ያለው ራጂዎቹ የሚሰበሰቡበት የጎማው መሃል ውስጥ ነው።

ፐርኖው፣ ማለትም በጎማው መሃል የሚያልፈው ዘንግ፣ አይዞርም፤ ከሹካው ጋር ታስሮ ይቆማል። የሚዞረው ዙሪያው ያለው ቀፎ ነው። በሁለቱ መካከል ትንንሽ የብረት ኳሶች አሉ። በብዙ ሳይክሎች ከፊት በየጎኑ 10፣ ከኋላ ደግሞ ተለቅ ያሉ 9 ናቸው። ኳሶቹን አቅፎ የሚይዛቸው ፐርኖው ላይ የሚጠብቅ ሾጣጣ ብረት ነው።

ፈታሁት። ግሪሱ አሸዋ ገብቶበት እንደ ጥቁር ሊጥ ሆኗል። በናፍጣ አጥቤ በጨርቅ አደረቅኩት። ሾጣጣውን በጥፍሬ ዳሰስኩ፤ አልተቦረቦረም። ቢቦረቦር ኖሮ መቀየር ነበረበት። ኳሶቹን ግን ሁሉንም ቀየርኳቸው። አሮጌና አዲስ መቀላቀል አያዋጣም፤ ደግሞም ርካሽ ናቸው።

ጣጣው ማጥበቁ ላይ ነው። ከጠበቀ ኳሶቹ ይፋጫሉ፣ ከላላ ይወዛወዛል። ሾጣጣውን በስስ 13 ቁልፍ ይዤ የውጩን ዳዶ በሌላ ቁልፍ ቆለፍኩበት። ዳዶው ሲጠብቅ ሾጣጣውን ስለሚገፋው፣ አስቀድሞ ለቀቅ ማድረግ ያስፈልጋል።

አሁን ሳይክሉን አንስቼ ጎማውን ስለቀው፣ ንፋስ የሚሞላበት ቫልቭ ክብደት ብቻውን ጎማውን አዙሮ ቫልቩን ወደ ታች ያወርደዋል፤ በነፃ ይዞራል ማለት ነው።