ድሬ ላይ ጥንቸል ለምታሳድጉ፦ እባካችሁ እነዚህን ስህተቶች ተዉ

ጥንቸል ሕመሟን ትደብቃለች። ዱር ውስጥ ደከም ያለው ቀድሞ ስለሚበላ ዝም ማለት ተፈጥሮዋ ነው። እናንተ «ዛሬ ትንሽ ደብሯታል» በምትሉበት ሰዓት በሽታው ብዙ መንገድ ሄዷል። እኔ ጋ ለሕክምና ከሚመጡት ጥንቸሎች አብዛኞቹ የሚመጡት ዘግይተው ነው፤ ያውም ቤት ውስጥ አንድ ነገር ከተሞከረባቸው በኋላ።

የመጀመሪያው ስህተት «ዛሬ ካልበላች ነገ ትበላለች» ማለት ነው። ውሻ አንድ ቀን ቢጾም ብዙም አይጎዳም። የጥንቸል አንጀት ግን መቆም የለበትም። ለ12 ሰዓት ያህል ምንም ካልቀመሰች፣ በጠጧ ካነሰ ወይም ከጠፋ፣ ጥግ ይዛ ከተኮማተረች፣ ጥርሷን ካፋጨች ነገን አትጠብቁ። አንጀቱ ሲቆም ጋዝ ይሞላል፤ ያማታል፤ ስላመማት ደግሞ ጭራሽ አትበላም። ማስመለስ አትችልም። ሆዷ እንደ ከበሮ ከተወጠረ ምግብ በግድ አትጋቷት፤ ይዛችኋት ኑ።

አሁን ትዕግሥቴን ወደሚጨርሰው ልምጣ። ጥንቸሏ አስነጠሰች። ቤት ውስጥ ከልጅ የተረፈ አሞክሳሲሊን የሚባል አንቲባዮቲክ አለ። ካፕሱሉ ይከፈታል፣ በውሃ ይበጠበጣል፣ በሲሪንጅ ይጋታል። ከቀናት በኋላ ተቅማጥ ይጀምራታል፣ ከዚያ ትሞታለች። ባለቤቱ ይመጣና «አቦ፣ መድኃኒት እየሰጠኋት እኮ ነው የሞተችው!» ይለኛል። አዎ፣ ስለሰጠሃት ነው! ጥንቸል የበላችውን ሣር የሚያብላሉላት አንጀቷ ውስጥ ያሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ናቸው። አሞክሳሲሊንም ሆነ አምፒሲሊን በአፍ ሲሰጣት እነሱን ይፈጃቸዋል። ባዶውን ቦታ መርዝ የሚያመነጩ ሌሎች ባክቴሪያዎች ይይዙታል። ክሊንዳማይሲንና ሊንኮማይሲንም እንደዚያው ገዳይ ናቸው። «ሕፃን የሚወስደው እኮ ነው፣ ምን ያደርጋታል?» ለሚሉኝ መልሴ አንድ ነው፤ ሕፃን ሣር አይበላም። ለጥንቸል የሚሆን አንቲባዮቲክ አለ፤ ኤንሮፍሎክሳሲን አንዱ ነው። መጠኑ ግን በክብደቷ ይሰላል እንጂ በግምት አይቆነጠርም። መድኃኒት ቤት ያለው ልጅ የሚያውቀው የሰውን ነው፤ እሱንም አታስቸግሩት።

ሙቀትን ደግሞ እንደ በሽታ አትቆጥሩትም፤ የድሬ ልጅ ለምዶታል። ጥንቸል አትለምደውም። አታልብም፤ ሙቀት የምታወጣው በዋናነት በጆሮዋ ነው። አየሩ 30 ዲግሪ ሲያልፍ አደጋ ላይ ናት፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ደግሞ እዚህ 35 ይደርሳል። ታዲያ ቤቷን ከቆርቆሮ ሥር፣ ያውም ከሰዓት ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ በኩል መሥራት ምን የሚሉት ነው? ከፍታው ላይ ያላችሁ ሐረሮች ትንሽ ተንፈስ ትላላችሁ፤ ቆርቆሮው ግን እናንተም ጋ ይግላል። ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰች፣ አፍንጫዋና አፏ ዙሪያ ከረጠበ፣ ጆሮዋ ከጋለና ከተዘረረች ወደ ጥላ አውጧት፤ ጆሮዋን ቀዝቀዝ ባለ ውሃ አርጥቡ። በረዶ ውሃ ውስጥ መንከር ግን በድንጋጤ ይገድላታል። ለመከላከል የሃይላንድ ጠርሙስ በውሃ ሞልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩና በጨርቅ ጠቅልላችሁ አጠገቧ አስቀምጡላት። ራሷ ሄዳ ትደገፈዋለች።

ገራባ፣ ማለትም የጫት ትራፊ፣ ለፍየል ነው። የድሬ ፍየል ጫት ስትቅም ስላያችሁ ጥንቸልም ትችላለች ማለት አይደለም። የሚያነቃቃ ነገር አለው፤ ማሳ ላይ የተረጨው ኬሚካልም አለ። ዳቦ፣ እንጀራና ቆሎም ይቅሩ። ዋናው ምግቧ ሣርና ድርቆሽ ነው፤ ሌላው ሁሉ ጭማሪ ነው።

ድርቆሹ የሚያስፈልገው ለጥርሷም ነው። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፤ የፊተኛው በዓመት ወደ 10 ሴንቲ ሜትር። ካላኘከች አያልቅም፤ ይጣመማል፣ ምራቅ ያዝረከርካታል። በጥፍር መቁረጫ የሚቆርጡ አሉ። ጥርሱ እስከ ሥሩ ይሰነጠቃል።

ጆሮዋ ውስጥ ቡናማ ቅርፊት ከተጋገረ እከክ ነው። አትላጡት፤ በጣም ያማል። ናፍጣ፣ የተቃጠለ ዘይት፣ የከብት መዥገር ማጥፊያ አትቀቡ። አይቨርሜክቲን በሐኪም ይሰጣታል፣ ይደገማል። አብረዋት የሚኖሩት ጥንቸሎችም ይታከማሉ፤ ይህን ሁሉም ይረሳዋል።

ገላዋን አታጥቧት።

ሽንቷ የተጠራቀመበት ቤት ውስጥ ጠረኑ ሳንባዋን ያቃጥላል፤ ከዚያ ንፍጥ ይመጣል። የፊት እግሮቿን የውስጥ በኩል እዩ፤ ፀጉሩ ከተጣበቀ አፍንጫዋን ስትጠርግ ከርማለች ማለት ነው። እርጥብ ወለል ገና ጡት የጣሉ ግልገሎችን ደግሞ በተቅማጥ ይጨርሳቸዋል። መቀመጫዋ ከቆሸሸ ዝንብ እንቁላል ይጥልበታል፤ በእኛ ሙቀት በ24 ሰዓት ውስጥ ትል ሆኖ ሥጋዋን ይበላል። በሙቀት ወራት ጅራቷን ገልጣችሁ በየቀኑ ተመልከቱ።

በተቃራኒው ደግሞ ያለ ምክንያት የሚሮጡ አሉ። ለስላሳውን በጠጧን ራሷ ስትበላ ካያችሁ ጤነኛ ናት፤ ቫይታሚኗን የምታገኘው እንደዚያ ነው። ሽንቷ ቀላ ካለም ብዙ ጊዜ ከበላችው ቅጠል ነው። እየበላችና እየዘለለች ከሆነ አንድ ሁለት ቀን ታዘቡ፤ ስትሸና ካማጠች ግን አምጧት።

ስታመጧት በቀትር፣ በተዘጋ ካርቶን፣ ባጃጅ ላይ አትጫኗት፤ በጠዋት ኑ። ካርቶኑን ብሱት፣ ሣሯን ጨምሩላት፣ የዛሬውን በጠጥ በፌስታል ያዙልኝ።