ወረርሽኝ የሀገር ኢኮኖሚን ምን ያህል ይጎዳል? በአንድ የኤክሴል ገጽ እናስላው

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ኮሌጅ ውስጥ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር፣ ከብሎካችን ሥር የጀበና ቡና የምታፈላው ጎረቤቴ በቀን 80 ስኒ ትሸጥ ነበር። ሚያዝያ ላይ 20 መሙላት አቃታት። እሷ አልታመመችም። ደንበኞቿም አልታመሙም። ግንባታው ስለቀዘቀዘ የቀን ሠራተኞቹ ቀሩ። የነበሩትም ተጠጋግቶ መቀመጥ ፈሩ።

ያኔ ማታ ማታ የሠራሁትን ስሌት ነው የማሳያችሁ። ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም። ስልክ ላይ ያለው ኤክሴል ይበቃል።

መጀመሪያ ሕመሙን እናስላ። ከርማክ እና ማኬንድሪክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1927 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሞዴል ሕዝቡን በሦስት ይከፍላል፦ ገና ያልተያዙ፣ የተያዙ፣ ከበሽታው የወጡ። በየቀኑ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረውን ሰው ትቆጥራላችሁ። አንድ ታማሚ በአማካይ ከ1 ሰው በላይ ካስያዘ በሽታው ይስፋፋል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ይከስማል። ለእኛ ሥራ ከዚህ ሁሉ የሚያስፈልገን ከሠራተኛው ስንቱ ታሞ ስንት ቀን እንደሚቀር ነው።

ለምሳሌ ያህል ከ100 ሠራተኛ 25ቱ ታመሙ እንበል። እያንዳንዱ ራሱ ሲታመምና ቤተሰቡን ሲያስታምም 10 የሥራ ቀን ቀረ። ጠቅላላ 250 ቀን ማለት ነው፤ ለ100 ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 2.5 ቀን። የዓመቱን የሥራ ቀን 280 ብንይዝ የጠፋው 0.9 በመቶ ነው። ሞት እዚህ ቁጥር ውስጥ የለም። እኔ የሞተን ሰው ወደ ብር አልቀይርም። ለብቻው ረድፍ ስጡትና በሰው ቁጥር ጻፉት።

ብዙዎቹ ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ያቆማሉ። ጎረቤቴ ግን እዚህ ስሌት ውስጥ የለችም። እሷን የጎዳት ፍርሃትና ክልከላ ነው። ስለዚህ ኢኮኖሚውን በዘርፍ ከፋፍሉት፦ እርሻ፣ ፋብሪካ፣ ኮንስትራክሽን፣ ንግድ፣ ትራንስፖርት፣ ሆቴልና ምግብ ቤት። ለእያንዳንዱ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ከጠቅላላ የሀገር ውስጥ ምርት ያለውን ድርሻ፣ ገቢው ስንት በመቶ እንደሚወርድ፣ ለስንት ወር እንደሚቆይ። ከዚያ አባዙ። ድርሻው 4 በመቶ የሆነ ዘርፍ ለ3 ወር በ60 በመቶ ቢወርድ፣ 4 ሲባዛ በ0.6 ሲባዛ በ0.25 (3 ወር የዓመት ሩብ ነውና)፣ ኢኮኖሚው 0.6 በመቶ ያጣል። አንድ ትንሽ ዘርፍ ብቻውን የሀገሩን ሠራተኛ ሁሉ ሕመም ሁለት ሦስተኛ አከለ ማለት ነው።

ስንት በመቶ እንደሚወርድ ቤት ተቀምጣችሁ አትገምቱ። ወጥታችሁ ጠይቁ። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወቅት ታክሲ በግማሽ እንዲጭን ታዘዘ፤ ታሪፉ እጥፍ ሆነ። 12 ሰው የሚጭነው ሚኒባስ 6 ጭኖ ያንኑ ብር ያገኛል። ወረቀት ላይ የትራንስፖርት ረድፍ ብዙም አልተነካም። ከእኛ ሰፈር መሃል ከተማ ለመግባት ግን ሁለት ሦስት ታክሲ መያዝ ግድ ነው። ጉዳቱ ወደ ተሳፋሪው ኪስ ዞረ፤ ተሳፋሪው ደግሞ ከቡናው ቀነሰ። ሾፌሩን ብቻ የጠየቀ ሰው ይህን አያገኘውም።

አንድ ዓምድ ጨምሩ፦ ገዢው የት ነው? ሰበታና ሆለታ የሚለቀመው አበባ ገበያው አውሮፓ ነው። እዚያ ሱቅ ሲዘጋ እዚህ ለቃሚዋ ጤነኛ ሆና ሥራ ፈታች። በሽታው ገና ድንበር ሳይሻገር ጉዳቱ ሊደርስ ይችላል። በአንጻሩ ሁሉም ረድፍ አይወርድም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከመንገደኛ አውሮፕላኖች ወንበር አንስቶ ጭነት ጫነባቸው። ከኢኮኖሚው ሲሶ ገደማ የሚሆነው እርሻም ክረምቱ ሲመጣ አርሷል።

ቀጥሎ ሰንሰለቱ ነው። ሆቴል ሲዘጋ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ እንጀራ አይገዛም። ሊዮንቲፍ የተባለው ኢኮኖሚስት በ1973 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው ዘርፍ ከዘርፍ የሚገዛዛውን በሠንጠረዥ በማስላቱ ነው። አቋራጩ ይኸው፦ ከእያንዳንዱ 1 ብር ሽያጭ 40 ሳንቲሙ ወደ ሌሎች ዘርፎች የሚሄድ ከሆነ፣ ከ1 ላይ 0.4 ቀንሳችሁ 1ን ለቀሪው 0.6 አካፍሉ፤ 1.67 ይመጣል። ያ የትንሹ ዘርፍ 0.6 በመቶ ኪሳራ በ1.67 ሲባዛ 1 በመቶ ሆነ። ሁለቴ እንዳትቆጥሩ ግን ተጠንቀቁ። ሆቴሉ ከተዘጋ የአስተናጋጁ ሕመም ሌላ ኪሳራ አይጨምርም፤ ከመጀመሪያው የሕመም ስሌት ቀንሱት።

ጎረቤቴ 20 ሰው ያለበት ዕቁብ ነበራት። ሰባቱ መጣል አቆሙ። ቀጣዩ ባለ ዕጣ የልብስ ስፌት መኪና ሊገዛ ነበር፤ አልገዛም። ዘንድሮ ያልተገዛ መኪና ከርሞ ያልተሰፋ ልብስ ነው። ለዚህ ስል ለእያንዳንዱ ዘርፍ «ወደ ቦታው ለመመለስ ስንት ወር?» የሚል ዓምድ አለኝ። ከሁሉም ይበልጥ ያለቀስኩበት ዓምድ እሱ ነው።

አሁን ውጤቱን ከምን ጋር እናወዳድረው? ካለፈው ዓመት ጋር አይደለም፤ ወረርሽኙ ባይመጣ ኖሮ ይደረስበት ከነበረው ጋር ነው። በመንግሥት ቁጥር ኢኮኖሚው በ2011 በ9 በመቶ፣ በ2012 በ6.1 በመቶ አደገ። አድጓልና አልተጎዳም ማለት ስህተት ነው። ልዩነቱን በሙሉ ለኮሮና መስጠትም እንዲሁ። በዚያው ዓመት የአንበጣ መንጋ ነበር። ደግሞ የበጀት ዓመታችን የሚጀምረው ሐምሌ 1 ስለሆነ፣ 2012 የያዘው አራት ወር የማይሞላ ኮሮና ነው። የቀረው ወደ 2013 ተሻገረ፤ እዚያ ደግሞ ጦርነቱ ተጨመረ።

እስካሁን ያሰላነው «ከመጣ» ብለን ነው። ስጋት ለማለት የመምጣት ዕድሉን ማስገባት አለብን። ከባድ ወረርሽኝ በአንድ ዓመት ውስጥ የመምጣት ዕድሉን 2 በመቶ ብትይዙ ትንሽ ይመስላል። 0.98ን 35 ጊዜ በራሱ አባዙት፤ 0.49 ይሆናል። ስለዚህ በ35 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመምጣቱ ዕድል ከግማሽ ይበልጣል። ጉዳቱ 5 በመቶ ከሆነ በ2 በመቶ ሲባዛ በአማካይ በየዓመቱ 0.1 በመቶ ነው። ይህ አማካይ ለጤና ጣቢያና ለላቦራቶሪ በጀት መከራከሪያ ይጠቅማል። ብቻውን ግን አታቅርቡት፤ ሀገር በየዓመቱ 0.1 አትከፍልም፣ አንድ ቀን 5ቱን በአንዴ ትከፍላለች። ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ ብላችሁ ሦስት ገጽ ሥሩ። ለከባዱ ላይቤሪያን እዩ። ኢቦላ በገባበት በ2014 እ.ኤ.አ. ከ8 በመቶ በላይ የነበረው ዕድገቷ ወደ ዜሮ ተጠጋ፤ አብዛኛው ሕዝቧ ግን በበሽታው አልተያዘም።

ኅዳር 12 ጠዋት ሰፈራችን ቆሻሻ ሰብስቦ ሲያጥን ጭሱ እስከ እኛ ፎቅ ይወጣል። የ1911ዱ የኅዳር በሽታ ማስታወሻ ነው። ኤክሴሉን የማድሰው በዚያ ቀን ነው። የዘርፎቹን ድርሻ በአዲስ ቁጥር እተካለሁ። ከዚያ ወርጄ ጎረቤቴን በቀን ስንት ስኒ እንደምትሸጥ እጠይቃታለሁ። ባለፈው ኅዳር 65 ብላኛለች።