ሶፋ ከመግዛታችሁ በፊት

ደሴና አካባቢው ላላችሁ ወገኖቼ፦ አዲስ ዕቃ ሲያምራችሁ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ያላችሁን ሁሉ ደጅ አውጡት። ሳጥን ውስጥ የተረሳውን ባና አራግፋችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት፤ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለምንኖር ሰዎች ከበግ ፀጉር የተሠራን ልብስ የሚያህል የለም። መደቡ ላይ ስታነጥፉት ቤቱ ወዲያው ሞላ ይላል። ረከቦቱንም ከጓዳ አውጥታችሁ ብርሃን የሚገባበት መስኮት ሥር አድርጉት፤ ጎረቤት ከአቦል እስከ በረካ የሚቀመጠው እዚያው ነው። የሚነቃነቅ ወንበር ሚስማር ሲመታለት ይጸናል። ከዚህ ሁሉ በኋላም የጎደለ ከመሰላችሁ ወረቀት ላይ ጻፉትና አንድ ገበያ አሳልፉ። የባቲ ገበያ እንደሆነ ሰኞ ሰኞ ነው፣ ለሚቀጥለው ትደርሳላችሁ። እኛ ቤት ከተጻፈው አብዛኛው በሳምንቱ ይሰረዛል።