የዕጽዋት ናሙና ለሄርባሪየም እንዴት ይዘጋጃል?

በዕጽዋት ሳይንስ ማስተርስ የሚሠራ ሰው በመመረቂያ ጽሑፉ ሰማንያ የዕጽዋት ስም ቢደረድር፣ ፈታኙ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ናሙናቸው የታለ?" ብሎ ሊሆን ይችላል። ደርቆና ቁጥር ተሰጥቶት በሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ዕጽዋት በሚጠበቁበት ቤት፣ የተቀመጠ ናሙና ከሌለ ስሙ ልክ ይሁን ስህተት ማንም አያጣራውም።

ከመውጣታችሁ በፊት ከትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ አስጽፉና ወረዳውንና ቀበሌውን አሳውቁ። ከአገሬው ሰው አንድ መሪ ያዙ፤ ጫካ ውስጥ መቀስ ይዞ የሚዞር እንግዳ ማንንም ያጠራጥራል፣ የተክሉን የአካባቢ ስም የሚነግራችሁም እሱ ነው። የቅርንጫፍ መቀስ፣ መቆፈሪያ፣ ጂፒኤስ ያለው ስልክ፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ ካርቶን፣ ሁለት የእንጨት ፍርግርግና ማሰሪያ ጠፍር ይበቃል። ለጽሑፍ እርሳስ ይሻላል፤ እስክሪብቶ ዝናብ ያጥበዋል።

ቀጥሎ የሚቆረጠውን መምረጥ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቅጠል ብቻ ያለው ቅርንጫፍ ብዙም አይጠቅምም፤ አበባና ፍሬ ይኑረው። አደይ አበባን እንይ። አደይ የምንለው አንድ ዝርያ ብቻ አይደለም፤ ባይደንስ ማክሮፕቴራም ባይደንስ ፓኪሎማም በዚሁ ስም ይጠራሉ። እነሱን ለመለየት ፍሬው ስለሚያስፈልግ፣ በእንቁጣጣሽ ሰሞን አበባውን ብቻ ቆርጦ የመጣ ተማሪ ለፍሬው ተመልሶ መሄዱ አይቀርም። የኮሶ ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው፦ ወንዴውና ሴቴው በየራሳቸው ዛፍ ላይ ስለሚያብቡ ከሁለቱም መቁረጥ ግድ ነው። ትንንሽ ተክሎችን ከነሥራቸው ንቀሉ፤ በአካባቢው ያሉት ጥቂት ብቻ ከሆኑ ግን ፎቶ አንስታችሁ ተዉአቸው። ከእያንዳንዱ ሦስት ቅጂ ብትይዙ አንዱ ለብሔራዊ ሄርባሪየም፣ አንዱ ለዩኒቨርሲቲያችሁ፣ አንዱ ለባለሙያ ይሆናል።

ማስታወሻውን እዚያው ቆማችሁ ጻፉ። ቁጥር፣ ቀን፣ ቦታ፣ ከፍታ፣ የተክሉ ቁመት፣ የአበባው ቀለም፣ ሲቆረጥ ወተት ማውጣት አለማውጣቱ፣ የአካባቢው ስምና ስሙ የተነገረበት ቋንቋ። "ማታ እጽፈዋለሁ" ብዬ የደረቀ አበባ ፊት ለፊት ተቀምጬ ነጭ ነበር ወይስ ቢጫ እያልኩ የተጨቃጨቅሁበትን ሌሊት አልረሳውም። የሰጣችሁትን ቁጥር ለሌላ ተክል አትድገሙት።

ከዚያ ማድረቅ ነው። ተክሉን በጋዜጣ መሐል ዘርጉት፤ የቅጠሉ ጀርባም እንዲታይ አንድ ሁለቱን ገልብጡ። በየመሐሉ ካርቶን እያስገባችሁ በፍርግርጉ መካከል ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እርጥቡን ጋዜጣ በየቀኑ ቀይሩ፤ አለዚያ ይሻግታል፣ ቅጠሉም ይጠቁራል። እሬትና ቁልቋልን የመሰሉ ወፋፍራሞች በቁመታቸው ካልተሰነጠቁ ለሳምንታት አይደርቁም።

የደረቀው ነፍሳት እንዳይበሉት በላስቲክ ተጠቅልሎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ ለቀናት ይቆያል። ከዚያ 42 በ29 ሳንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ጠንካራ ወረቀት ላይ ይለጠፋል፤ ወፍራሙ ግንድ በክር ይሰፋል፣ የረገፈ ፍሬ በትንሽ ፖስታ ይገባል። ከማስታወሻችሁ የተገለበጠው መግለጫ ወረቀት ከታች በስተቀኝ ጥግ ይለጠፋል።

ስሙን ለማግኘት የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ፣ የሁለቱን አገሮች ዕጽዋት የሚገልጸው መጽሐፍ፣ ዋናው መሣሪያችሁ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ሲያልቅ 8 ቅጽ ሆኗል። በመለያ ቁልፉ ሁለት ሁለት ምርጫ እያነበባችሁ ትወርዳላችሁ፤ ቅጠሉ ተቃራኒ (ሁለት ሁለት ሆኖ ፊት ለፊት የበቀለ) ነው ወይስ ተፈራራቂ (አንድ አንድ እየሆነ በየተራ የበቀለ)፣ እያለ ይመራችኋል። የደረሳችሁበትን ስም አራት ኪሎ በሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም ካለው ናሙና ጋር አስተያዩ። እዚያ ስትገቡ ወረቀቱን እንደ መጽሐፍ ገጽ አትገልብጡት፤ ጠፍጣፋውን በሁለት እጅ አንሱት፣ ቅጠሉ ይሰበራል። ስሙ ከተረጋገጠ በኋላ የናሙናውን ቁጥር በመመረቂያ ጽሑፋችሁ ሠንጠረዥ ላይ ከዝርያው ስም ጎን አስፍሩ።